ከመጋዘኑ በር በመለስ

«ይሄ መጋዘን ነው። ሰው የለበትም።»

አቡ ማጂድ ይህን የተናገሩት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በዐረብ አገር መላዝ በሚባል ሰፈር ባለው ባለ አንድ ፎቅ ቤታቸው ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ቆመው ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሁለት፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። የቤቱ ሠራተኛ ሀዋ ከእሳቸው ሦስት እርምጃ ርቃ የደረቀ አንሶላ ከገመድ ላይ ትሰበስባለች። ኢንጂነር ሙኒር የክፍሉን በር በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ውስጥ አንድ የብረት አልጋ አለ። ትራሱ ላይ ሀዋ ያደረችበት የጭንቅላት ጉድጓድ ገና አልሞላም። ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ምስማሩ ላይ ቀሚስ፣ አልጋው ሥር አንድ ሻንጣና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ይታያል። ኢንጂነሩ ይህን ሁሉ ተራ በተራ አይቶ ሲያበቃ ወደ ረዳቱ ዞረና «መጋዘን ብለህ ጻፍ፤ የሰው ብዛት ዜሮ» አለው። ረዳቱ ጻፈ። ቀና ሲል ዓይኑ ከሀዋ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ሐበሻ መሆኑን አወቀች፤ እሱም ማወቋን አወቀና ጎንበስ ብሎ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

ሀዋ ይህን ኢንጂነር ከሚያዝያ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። በሚያዝያ የክፍሏ አየር ማቀዝቀዣ፣ ሙከይፉ፣ ሁለት ጊዜ አጉረምርሞ፣ ትንሽ ጭስ ተፍቶ ሞተ። አቡ ማጂድ ወጥተው ካዩት በኋላ፣ ዘንድሮ የመስኮት ሙከይፎቹ ሁሉ ተነቅለው ቤቱን ሁሉ በአንድ ማሽን የሚያቀዘቅዝ ሴንትራል እንደሚገባ፣ ለዚህም ኢንጂነር መጥቶ የእያንዳንዱን ክፍል ሙቀት በሒሳብ እንደሚያሰላ፣ አሁን አንዱን ብቻ መጠገን ከንቱ ልፋት እንደሆነ አስረዷት። «ኢንጂነሩ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይስተካከላል፤ ኢንሻአላህ» አሏት። ግንቦት አለፈ፤ ሰኔ አለፈ። ሀዋ ማታ ማታ አንሶላዋን ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ተጠቅልላ ትተኛለች፤ ሰዓት ሳይሞላ ክው ብሎ ይደርቅና ተነስታ ደግማ ትነክረዋለች። አንድ ሌሊት ታክቷት ወርዳ ደረጃው ላይ፣ ሴራሚኩ በሚቀዘቅዝበት፣ ጋደም አለች። ለሱብሒ ሶላት የተነሱት የቤቱ እመቤት ኡም ማጂድ በእግራቸው ሊረግጧት ጥቂት ቀራቸው። አልጮኹም። «ደረጃ የሰው መተላለፊያ ነው። ሁለተኛ ካየሁሽ ተርሒል ነው» ብለው አልፈው ተጣጠቡ። ወደ አገር መባረርን የመሰለ ነገር በዚያች አጭር ቃል ይነገራል። ሀዋ ከዚያ ወዲያ ኢንጂነሩን እንደ ሐኪም ነበር የምትጠብቀው፤ መጥቶ እንዲያያት ብቻ። መጣ፤ አያት፤ ዜሮ አላት።

አቡ ማጂድ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቢሯቸውን አልተዉትም፤ ቤታቸው ይዘውት ገቡ እንጂ። ሳሎኑ ውስጥ ባለው የብረት ካቢኔ የእያንዳንዱ ሙከይፍ ፋይል አለ፤ የማቀዝቀዣው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የመኪናው ፋይል አለ፤ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ የሀዋ ፋይል አለ። ፓስፖርቷና የኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ግልባጭ እዚያ ውስጥ ነው። ሰውየው በሕይወታቸው አንድ ነገር ይፈሩ ነበር፦ ፊርማቸው ያረፈበት ወረቀት አንድ ነገር ብሎ፣ እውነቱ ሌላ ሆኖ መገኘትን። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር እንዳልገጠማቸው ለእንግዳ ሁሉ ይናገራሉ። የላይኛዋን ክፍል መጋዘን ማለታቸውም ውሸት አልመሰላቸውም። የቤቱ ፕላን በሰማንያዎቹ ሲሠራ ጣሪያው ላይ ያለችው ክፍል «መጋዘን» ተብላ ነው የተሣለችው፤ ፕላኑ ደግሞ ማኅተም አለው።

ልኬታው ወደ ታች ወረደ። ሀዋ በሄዱበት ሁሉ ቀድማ በር ትከፍታለች፣ መጋረጃ ትሰበስባለች፣ አልጋ ታስጠጋለች። መጀመሪያ የማጂድ ክፍል ገቡ። ማጂድ የቤቱ አንድ ልጅ ነው፤ ደማም እየተማረ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል። ክፍሉ ግን ሙከይፉ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ፣ ሀዋ በየማለዳው አቧራውን እየጠረገችለት፣ እንደ ሥጋ መሸጫ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።

«ስንት ሰው ያድርበታል?» አለ ኢንጂነሩ።

«ሁለት» አሉ አቡ ማጂድ።

«ማጂድ አገባ እንዴ? ሳንሰማ።»

«ያገባል፣ ኢንሻአላህ።»

ሁለት ተብሎ ተጻፈ። ገና ያልታጨችው ሙሽራ የምትተነፍሰው ሙቀት በሒሳቡ ገባ። የእንግዳ መቀበያው መጅሊስ ሃያ ሰው ተባለ፤ ባለፈው ዒድ የመጡት ሰባት ነበሩ፣ ከሰባቱም ሁለቱ ቆመው ነው የሄዱት። የኡም ማጂድ መኝታ ቤት ላይ ግን አቡ ማጂድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሚስታቸው ብርድ እንደማይወዱ፣ እዚያ ትንሽ ቢቀነስ እንደማይከፋ ነገሩት። ኡም ማጂድ ከበሩ ጀርባ ነበሩ። ሰምተዋል። በዚያ ቤት ባልና ሚስት ዝም የሚባባሉት ሳይደማመጡ ቀርተው አይደለም።

ማዕድ ቤት ሲደርሱ የአቡ ማጂድ ስልክ ጮኸና ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ኢንጂነሩ ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ድስቱን እየቆጠረ አስጻፈ። ከማዕድ ቤቱ ጋር በር የሌላት ጓዳ አለች፤ እሩዙ፣ የቅቤው ቆርቆሮ፣ ተምሩ፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ቸኮሌት የሚቀመጥባት። በር ስለሌላት ከማዕድ ቤቱ ጋር አንድ ላይ ተለካች። ከዚያ ኢንጂነሩ ሀዋን በጣቱ አመለከተና «ሠራተኛ አንድ። ቆማ የምትሠራ፣ ከባድ ሥራ» ብሎ፣ እሱም ሲጋራ ፍለጋ ኪሱን እየዳበሰ ወጣ። ረዳቱ ብቻውን ቀረ።

«ወንድሜ፣ ስለኔ ምንድን ነው የጻፍከው?» አለች ሀዋ፣ ከምትከትፈው ሽንኩርት ላይ ቀና ሳትል።

«ዓባይነህ እባላለሁ» አለ፣ ጥያቄውን ለማዘግየት ያህል። ሱለይ ሰፈር ካለ የሙከይፍ ኩባንያ እንደሚሠራ፣ አገሩ ሳለ የቴክኒክ ትምህርት እንደተማረ፣ ሒሳቡን እሱ እንደሚሠራው፣ ፊርማው ግን የኢንጂነሩ እንደሆነ ነገራት። «ስለ አንቺ የጻፍኩት ሙቀት ነው፣ እህቴ። ሰው ሙቀት ያወጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንደ አንድ መቶ ሻማ አምፖል ነው። የሚሠራ ከሁለት አምፖል ይበልጣል። ማሽኑ ያንን ማሸነፍ አለበት።»

«እዚህ ከሁለት አምፖል በላይ ነኝ?»

«ነሽ።»

«ላይስ?»

ዓባይነህ ቅጹን ገለበጠ፤ እዚያ የሌለ ነገር የሚያገኝ ይመስል። «ላይ የለሽም» አላት።

ሀዋ ሽንኩርቱን መክተፏን ቀጠለች። ቆየት ብላ ክፍሏ ለምን እንደዚያ እንደሚነድ ጠየቀችው፤ ሌላው ቤትም እኮ ያው ከብሎኬት ነው የተሠራው። ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ፤ የሚያውቀው ነገር ነበር። እያንዳንዱ ግድግዳና ጣሪያ ቁጥር አለው አላት። ቁጥሩ በበዛ መጠን ሙቀቱ ለመግባት ይቸገራል። ባዶ ብሎኬት ከሩብ አያልፍም፤ አምስት ሳንቲ ውፍረት ያለው ፎም ብቻውን አንድ ተኩል ይሆናል። «ያንቺ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ቁጥር የለውም። ፀሐይዋ ሳታንኳኳ ነው የምትገባው።» የአባቷ ቤት ባቲ ገጠር ውስጥ አንድ ክንድ በሚሆን ውፍረት ሣር የተከደነ እንደነበር ስትነግረው በልቡ አስልቶ «አራት አካባቢ» አላት፤ «ለቤቱ ጣሪያ ካዘዝነው ፎም ይበልጣል።» ሀዋ ሳቋ መጣ፤ ሽንኩርቱ ደግሞ እንባዋን አመጣው፤ ሁለቱንም በክንዷ ጠረገችው።

«እኔ ልጽፍልሽ እችል ነበር» አለ ዓባይነህ ድምፁን ቀንሶ። «ግን ባለቤቱ ያልተናገረውን ብጽፍ ለካፊሌ፣ ላስመጣኝ አሠሪ፣ ይነግሩታል። አስር ላይ ሒሳቡን ሠርተን እንመለሳለን፤ የቤቱ ባለቤት ሦስት ኮፒ ይፈርማሉ። ከጀርባው ክፍሎቹን እንደተጻፉት እጠቀማለሁ የሚል አለ። ባይጠቀሙ የአምስት ዓመቱ ዋስትና ይቀራል። ባለፈው ዓመት አንዱ መጋዘን ባለው ክፍል ሰው አስገብቶበት፣ ማሽኑ ሲቃጠል ኩባንያው ሰባራ ብሎን አልሰጠውም።»

አቡ ማጂድ ስልካቸውን ጨርሰው ብቅ አሉ። «ምን ትላለች?»

«ጓዳውም ከማዕድ ቤቱ ጋር ተለካ ወይ ትላለች» አለ ዓባይነህ በዐረብኛ።

«ተለክቷል፣ ተለክቷል» አሏት አቡ ማጂድ በደግነት። «ሁሉም ተለክቷል።»

ከዙህር ሶላት በኋላ ምሳ ተበላ፤ መጋረጃው ተዘጋ፤ ባልም ሚስትም በየክፍላቸው ተኙ። ውጭው አርባ ስድስት ዲግሪ ነበር። በዚህ ሰዓት ሀዋ ሳህን አጥባ ላይ ወጥታ እንድታርፍ ተፈቅዶላታል። ወጣች። በሩን ስትከፍተው ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊቷን መታትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ብረቱ በቀሚሷ ላይ አልፎ አቃጠላትና ተነሳች። ቆማ ክፍሉን አየችው። አራት ዓመት የተኛችበትን ክፍል እንደ ኢንጂነሩ ለማየት ሞከረች፦ መጋዘን፣ ሰው የለበትም። ስታየው ቆይታ የአልጋ ልብሷን መጠቅለል ጀመረች።

እንዲህ ነው ያደረገችው። ፍራሿን በጀርባዋ አዝላ አወረደች። ሻንጣዋን፣ መስታወቷን፣ ቀሚሶቿን አወረደች። ከዚያ ጓዳውን ባዶ አደረገች፦ ባለ አሥር ኪሎዎቹን የእሩዝ ከረጢቶች አንድ በአንድ፣ የቅቤ ቆርቆሮዎቹን ሁለት በሁለት፣ የተምሩን ካርቶን፣ የኡም ማጂድን ዕጣንና ሽቶ፣ ከሁሉ በላይ የሦስት ፎቅ ኬክ የሚያህለውን የቸኮሌት ሣጥን፣ ሃያ ስምንት ደረጃ እየቆጠረች አወጣች። ሦስት ጊዜ ዓይኗ ጨልሞባት ግድግዳ ይዛ ቆመች። ያለቀሰችበት ጊዜ አልነበረም፤ ይልቅ ተርሒል የሚለው ቃል በየደረጃው ይመላለስባት ነበር። አንድ ጊዜ ደረጃው መሃል ላይ ቆማ ሁሉንም ልትመልሰው አስባ ነበር። ግን ለመመለስም ያው እንደገና መሸከም ነው ብላ ቀጠለች። የአስር ሶላት አዛን ሲባል ጓዳዋ ተጠርጋ፣ ፍራሽ ተዘርግቶባት፣ በሩ በጎደለበት በኩል አንሶላ ተሰቅሎባት ነበር። ላይኛው ክፍል ደግሞ እንደ ፕላኑ ሆኗል።

አስር ላይ ኢንጂነሩና ዓባይነህ ተመለሱ። ሒሳቡ በማሽን ተጽፎ፣ በላስቲክ አቃፊ ገብቶ መጥቷል። ኢንጂነሩ መጅሊሱ ውስጥ ተደላድሎ አነበበው፤ አቡ ማጂድ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አዳመጡ። ጣሪያው በሙሉ በአምስት ሳንቲ ፎም ይሸፈናል፣ ከመጋዘኑ በር በመለስ። መጋዘኑ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። አቡ ማጂድ ጀርባውንም አንብበው፣ አንዲት ሰረዝ አስተካክለው፣ ሦስቱንም ኮፒ ፈረሙ። ሀዋ ሻይ አቀረበች። «ቸኮሌቱንስ?» አሉ አቡ ማጂድ፤ ዛሬ ደስ ብሏቸዋል።

ሀዋ ሣጥኑን ሄዳ አመጣችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ስታነሳ ሦስቱም ወንዶች አንገታቸውን አሰገጉ። ከወርቃማው ወረቀት በታች ቡናማ ኩሬ ነበር፤ የለውዝ ፍሬዎች ተንሳፍፈውበታል። ሀዋ ከጎኑ ማንኪያ አስቀመጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አቡ ማጂድ።

«ቸኮሌቱ ነው፣ ባባ። ከመጋዘን አመጣሁት።»

«ከየትኛው መጋዘን?»

«ላይ ካለው። ጠዋት መጋዘን ነው ሲሉ ሰማሁ። የመጋዘን ዕቃ ወደ መጋዘን አወጣሁ። እኔ ማዕድ ቤት ተጽፌያለሁ፤ ዕቃዬን ወደ ተጻፍኩበት አወረድኩ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የኡም ማጂድ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ ነው። «ቅቤውንም?» አሉ። «ቅቤውንም ማዳም።» «ሽቶዬንም?» «እሱንም።» የነጠላ ጫማ ኮቴ ወደ ደረጃው ሮጠ፤ ቀጥሎ ከላይ የሚከፈት በር ተሰማ። ሲመለሱ እንግዳ መኖሩን ረስተው መጋረጃው አጠገብ ቆመው ይናገሩ ነበር። ቅቤው ከቆርቆሮው አፍ ወጥቶ እሩዙ ላይ ፈሷል፤ ተምሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ሆኗል፤ ሽቶው ክዳኑን አስፈንጥሮታል። «ምንም ነገር የሚኖርበት ቦታ አይደለም!» አሉ። «ለሁለት ሰዓት እንኳ!»

ሀዋ ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ ምንጣፉን ታያለች። አቡ ማጂድ የፈረሙበትን እጃቸውን ይዘው ቀሩ። ሀዋን ወደ ላይ ተመለሺ፣ ዕቃውን ወደ ታች መልሺ ማለት ቀላል ነበር፤ አፋቸውም ተከፍቶ ነበር። ግን ቀለሙ ያልደረቀ ፊርማቸው ፊታቸው አለ፤ ላዩን መጋዘን፣ ሠራተኛይቱን ማዕድ ቤት የሚል፤ ምስክር የሚሆን ኢንጂነር አጠገባቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አፋቸውን ዘጉ።

ኢንጂነሩ በነገሩ የተቸገረ አይመስልም። እንዲያውም ወንበሩን አስጠጋ። ለምግብ ዕቃ ከሆነ መፍትሔ አለው፤ የመጋዘኑን ቆርቆሮ በፎም መሸፈን፣ ግድግዳውን ከውስጥ ማልበስ፣ አንዲት ትንሽ ሙከይፍ ማስገባት። እሩዝና ቅቤ ከሃያ አምስት በላይ አይወዱም አለ። አቡ ማጂድ ሚስታቸው ወዳሉበት በኩል አዩ፤ ከዚያ «ይሁን» አሉ። ሀዋ ሦስት ወር የጠበቀችው ነገር ሻዩ ሳይበርድ አለቀ። ዓባይነህ አዲስ ቅጽ አወጣና በዝግታ መሙላት ጀመረ፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ፎም፣ ቁጥር አንድ ተኩል። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመ።

«የሰው ብዛት?» አለ።

ይህን መጠየቅ አልነበረበትም፤ ጠዋት ተመልሷል። ኢንጂነሩ ገላመጠው። አቡ ማጂድ ሀዋን አዩ፤ ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ረዘም አድርገው አይተዋት አያውቁም። ምናልባት አንድ ሊሉ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ኡም ማጂድ ቀደሟቸው፦ «ዜሮ። ምግብ ባለበት ክፍል ሰው አይተኛም። ቁልፉም እኔ ጋ ይሆናል።» አቡ ማጂድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈረሙ፤ ሦስት ኮፒ።

ሀዋ ብርጭቆ ስትሰበስብ ዓባይነህ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ዘገየ። «እህቴ፣ አንድ ቢሉ ኖሮ ክፍሉ ያንቺ ይሆን ነበር። ቀዝቃዛ።»

«ቢሉኝ ነገ ሌላ ይሉኛል» አለችው። «ታች ተፈርሞብኛል። ይብቃኝ። ያላ፣ ሂድ፤ ሰውዬህ እየጠበቀህ ነው።»

ሴንትራሉ የገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ፣ ከመጋዘኑ በር ወዲያም ወዲህም፣ ነጭ ፎም ለበሰ። እሩዙ በሃያ አራት ዲግሪ ይኖር ጀመር። የማጂድ ክፍል ለማጂድና ለሙሽራው ቀዘቀዘ። መጅሊሱ ለሃያ እንግዳ ቀዘቀዘ። የኡም ማጂድ መኝታ ቤት ግን ባልየው ልኬታው ቀን የተንሾካሾኩት ነገር ሒሳቡ ውስጥ ገብቶ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ለብ ማለት ጀመረ። አቡ ማጂድ በሚስታቸው ጥያቄ ለኩባንያው ደወሉ፤ ማሽኑ እንደ ወረቀቱ እየሠራ ነው ተባሉ። ወረቀቱን አውጥተው አዩት፤ እውነትም እንደ ወረቀቱ ነው።

የማዕድ ቤቱ ነገር ሌላ ሆነ። ለሚነድ ምድጃና ለከባድ ሥራ የተሰላ ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ የምሳ ዕቃ ታጥቦ እሳቱ ሲጠፋ ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው እሱ ነበር። ሀዋ በነሐሴ አጋማሽ ብርድ ልብስ አወጣች።

አንድ ቀን በቀኑ እንቅልፍ ሰዓት የጓዳዋ አንሶላ ገለጥ አለ። ኡም ማጂድ ናቸው፤ ፀጉራቸው ተፈትቷል፣ ትራሳቸውን ታቅፈዋል፣ አንገታቸው በላብ ርሷል። ሀዋ ከተጋደመችበት ብድግ አለች። ኡም ማጂድ በእጃቸው ተቀመጪ አሏትና ፍራሹን አዩት፤ ጠባብ ነው። ሀዋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ሴትዮዋ ትራሳቸውን አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተጋደሙ። የተኙ መስለዋት ነበር።

«ሀዋ» አሉ፣ ሳይዞሩ። «እዚያ ላይ አራት ዓመት እንዴት ተኛሽ?»

«ሦስቱን ሙከይፉ ነበር፣ ማዳም» አለች ሀዋ። «ዘንድሮ አልተኛሁም።»

ኡም ማጂድ እግራቸው ሥር የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ በእግራቸው ስበው፣ ግማሹን ወደ ሀዋ በኩል ገፉት።